ብረት ከተገኘ

ጥር ጊዮርጊስ ሲቃረብ እንጅባራ የፈረስ ላብ ትሸታለች። የባጃጅና የሚኒባስ ጭስ የለመደ አፍንጫዬ ያችን ሽታ ሲያገኝ ካለሁበት መቀመጥ አለብኝ። ዘንድሮም በዋዜማው ጠዋት ደጄ ላይ ቆሜ ፀሐይ ስጠብቅ ከገጠር የመጡ ፈረሰኞች በአስፋልቱ ዳር አለፉ። ቃጭሉ ቀደመ፣ ከዚያ የኮርቻው ቆዳ፣ ከዚያ ላቡ። ወደ ግቢ ተመልሼ ከቀርከሃ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ።

ሰርቪስ ቤቴን የተከራየችው ሰላማዊት ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ እዚያው ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ፊዚክስ ታስተምራለች። እኔ ከሰው ጋር ብዙ ቃል የለኝም፤ ድሮም አልነበረኝም። ይህች ልጅ ግን ዝምታዬን አትፈራውም።

«እማማ የሺ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ፈረስ አልፎ ነው።»

«ፈረስ ያማል?»

«አንዳንዱን ያማል።»

ሳቀችና ልታጫውተኝ ፈልጋ ይመስለኛል ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው። በጥቁር መደብ ላይ ክብ ነገር ይታያል፤ ጠርዙ የተቦጫጨቀ፣ ቀይና ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት፣ የፈነዳ የጥጥ ፍሬ የመሰለ። የሞተ ኮከብ ፍርስራሽ ነው አለችኝ። ተማሪዎቿ በእሱ ላይ ጥናት ይጽፋሉ።

«በምን ተነሳ?» አልኋት።

«በራጅ። ደረት በሚነሳበት በዚያው ዓይነት ጨረር።»

ራጅ የሚለውን ቃል ከሰማይ ጋር አብሮ ስሰማው በሕይወቴ ሁለተኛዬ ነበር። የመጀመሪያውን ኋላ እነግራለሁ። «ራጅስ አውቃለሁ» አልኋት። ታምሜ ተነስቼ የማውቅ መሰላት፤ አላረምኋትም።

«ኮከቡ ሲፈነዳ አጠገቡ ሆኖ ያየ የለም» አለችኝ። «የቀረው ፍርስራሹ ነው። ፍርስራሹ ደግሞ በጣም ስለሚግል በራጅ ያበራል። የእኛ አየር ያንን ጨረር ስለማያሳልፈው መሣሪያው ከአየሩ በላይ ወጥቶ ነው የሚያየው። ብረት በሉት፣ ኦክስጅን በሉት፣ እያንዳንዱ ነገር በራጁ ውስጥ የራሱ ምልክት አለው። ያንን እናነብና አሟሟቱን እናውቃለን።»

«ከሬሳው ተነስታችሁ።»

«ከሬሳው ተነስተን። ሁለት ዓይነት አሟሟት አለ በሉ። አንደኛው ትልቅ ኮከብ ነው፤ ማገዶው ሲያልቅበት የራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ይንደዋል። ማንም አልነካውም። እዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ኦክስጅን ይበዛል። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ ከስሎ የቀረ ኮከብ። ብቻውን ቢሆን ዝም ብሎ እየቀዘቀዘ ይኖር ነበር። ግን ጓደኛ አለው፣ አብሮት የሚዞር። ከጓደኛው የሚመጣበት ነገር ሲከብደው ጊዜ ይፈነዳል። እዚያ ብረት ይበዛል። ስለዚህ እማማ የሺ፣ ብረት በብዛት ከተገኘ ጓደኛ ነበረው ማለት ነው።»

ሥዕሉን ትኩር ብዬ አየሁት። እኔ ራጅ ክፍል በምሠራበት ጊዜ ብርሃኑን የምንልከው እኛ ነበርን፤ በሰውየው ገላ ያልፋል፣ ያላለፈበት ነገር ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይህኛው ግን ሬሳው ራሱ ነው የሚያበራው። ማንም ሳይጠይቀው አሟሟቱን ይናገራል። ያን ቀን እስኪመሽ የተቀመጥሁት እንጅባራ ይሁን እንጂ የነበርሁት ዳንግላ ነው።

የዚያን ጊዜዋን ዳንግላ ዓይኔን ጨፍኜ እሄድባታለሁ። ጣሊያን የሠራው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ። መጀመሪያ ላምባ ላምባ የሚሸተው የዓረቡ ሱቅ፣ አቡጀዲውን በክንዱ እየለካ ሲሸጥ ክንዱ አጭር ስለሆነ ሴቶቹ ሁልጊዜ የሚጨቃጨቁት። ቀጥሎ በዋርካው ጥላ የስፌት መኪናቸውን የደረደሩት ልብስ ሰፊዎች። ቀጥሎ ሻይ ቤቱ፤ አሥር ሳንቲም ያለው ሻይ ከነዳቦው ይጠጣል፣ የሌለው በረንዳው ሥር ቆሞ ራዲዮኑን በነፃ ይሰማል። ክራር የተሰማ እንደሆነ የገጠሩ ሰው አህያውን ረስቶ ይገተር ነበር። ትሬንታ ኳትሮ የሚባለው የጣሊያን ጭነት መኪና ከባሕር ዳር ሲገባ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማል፤ አቧራው ግን ከሄደም በኋላ ይቆያል። በመጀመሪያ ደመወዜ ነጭ ኮንጎ ጫማ ገዛሁ። ዝናብ ሲመጣ አውልቄ በነጠላዬ እጠቀልለዋለሁ፤ እግሬ ይታጠባል፣ ጫማው ግን ጭቃ ከነካው ይለቅለታል ብዬ አላምንም ነበር። አሁን በሚኒባስ ሳልፍ ያንን ጎዳና እፈልገዋለሁ። ዋርካው ራሱ የት ላይ እንደነበር ሁለት ሰው ጠይቄ ሁለት ቦታ አሳዩኝ።

ክሊኒኩ ከባሕር ዛፉ ማለቂያ ላይ ነበር። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ፣ ቁጥርና ፊደል ለይቼ፣ እዚያ ውኃ ቀጂና ጽዳት ሆኜ ተቀጠርሁ። ራጅ ክፍሉን የያዘው ድሬሰር ካሳሁን የሚባል፣ ካኪ ሱሪውን በመተኮሻ እንደ ቢላ የሚስል የሐረር ሰው ነው። ሞተሩ ሲነሳ በሽተኛው ሁሉ ያማትባል። ሴቶቹ ብርሃኑ ኃጢአታቸውን እንዳያወጣ ይፈራሉ። ካሳሁን፣ «እናቴ፣ ኃጢአት አይወጣም፤ የሚወጣ ቢሆን እኔ እዚህ መኪና አጠገብ እደርስ ነበር?» ይላቸዋል። ከዚያ «ተንፍሺ፣ ያዢ፣ አትንቀሳቀሺ» ይላል። አንዷን ያዢ ብዬ ልቀቂ ማለቱን ረስቼ ልትሞት ደርሳለች እያለ ሁልጊዜ ይሳለቃል።

የእኔ ሥራ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ነበር። ውኃውን እሞላለሁ፣ ከመድኃኒቱ የወጣውን ፊልም አለቀልቃለሁ፣ እንደ ቋንጣ በሽቦ ላይ እሰቅላለሁ። ዓይን አፋር ለሆነ ሰው ከዚያ የተሻለ ሥራ የለም። ቀይ አምፖል ብቻ ስለሚበራ ፊቴን የሚያይ የለም። የማየው እኔ ነኝ፤ የማላውቀው ሰው ጎድን ከውኃው ውስጥ ቀስ ብሎ ሲወጣ። ካሳሁን ማየትን ትንሽ አስተማረኝ። አየር ጥቁር ነው፣ አጥንት ነጣ ይላል፣ ብረትና እርሳስ ጥርት ያለ ነጭ ነው። ቀኝና ግራ እንዳይምታታ ከፊልሙ ጥግ ከእርሳስ የተቆረጠች ምልክት ያስቀምጣል፤ እሷ ከሁሉም በልጣ ነጭ ሆና ትወጣለች።

አንድ ቀን ከሻይ ቤቱ ራዲዮ የሰማውን ይዞ መጣ። «የሹ፣ ፈረንጆች በሮኬት የራጅ መሣሪያ ሰማይ ላይ ልከው ምን አገኙ መሰለሽ? ሰማዩ ራሱ ራጅ ያወጣል።»

ብዙ አሰብሁና፣ «ታዲያ እዚያ ደረቱን የሚነሳው ማን ነው?» አልሁት።

እስኪያስለው ሳቀ። ለዶክተሩም ነገረው፣ ዶክተሩም ሳቀ። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ያ ነው እንግዲህ የመጀመሪያው።

ዳንግላ የላከኝ ታላቅ ወንድሜ ዘለቀ ነው። አገራችን ከአዲስ ቅዳም ወደ ላይ ነበር፤ ቤት ውስጥ አገውኛ እንናገራለን፣ አማርኛ የገበያና የትምህርት ቤት ነው። ዘለቀ ቢያድግልኝ የሚባል ጓደኛ ነበረው። አብረው ያርሳሉ፣ አብረው ያጭዳሉ፣ ፈረሶቻቸው እንኳ አንዱ ከሌለ አንዱ ውኃ አይጠጣም ይባል ነበር። የቢያድግልኝ አባት በአካባቢያችን መጀመሪያ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ከማዶ ዓይን ይወጋል። ቢያድግልኝ ሽማግሌ ልኮ እኔን ጠየቀ። አባባ እሺ ሊል ነበር። ዘለቀ ነው፣ «ትንሽ ትማር። እሱም ይጠብቅ፣ ጓደኛዬ አይደል» ያለው። እኔን የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝም ነጠላዬን አፌ ላይ ከማድረግ ሌላ የምለው አልነበረም። ይሁንና የቢያድግልኝን ፈረስ ቃጭል ከሌሎቹ ሁሉ ለይቼ አውቅ ነበር። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ ጻፍሁት።

በዚያ ዓመት ጥር ጊዮርጊስ ዛሬ እንጅባራ በምንላት፣ ያን ጊዜ ሰው ኮሶበር በሚላት ሜዳ ላይ ጉግስ ወጡ። እኔም ከዳንግላ መጥቼ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ፈረሱ ሁሉ አጊጧል፤ በርኖሱ በነፋስ ይነፋል። ጉግስ የሚወረወረው በሸመል ነው፣ ከእኛው ቀርከሃ በተቆረጠ ዘንግ። ቀርከሃ ጫፉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከበዓሉ አስቀድሞ እርጥብ የቆዳ ጠፍር ይጠመጠምበታል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተርና ጫፉን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ለዚህ ቀናት ያስፈልገዋል። ቸኩሎ በጠፍሩ ፈንታ ብረት ማስነካት ነውር ነው፤ ብረት ከነካው ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

ዘለቀ ሸሸ፣ ቢያድግልኝ ተከትሎ ሸመሉን ወረወረ። ሁሉም ያየው ዘለቀ ከፈረስ ሲወድቅ ነው። ትከሻው ወልቆ ስለነበር ሰው ሁሉ ትከሻውን ያዘ፤ ወጌሻ መጣና አሸው፣ መለሰው። ከብብቱ ሥር ትንሽ ቀዳዳ ነበረች። እማማ ቅቤ ቀባቻት፣ ዳነች። ቢያድግልኝ ተሰንጥቆ የተሰባበረ ሸመሉን አንስቶ፣ «ወንድሜን ጣልሁት» እያለ ሲያለቅስ ሰዎች ስቀውበታል። «ጉግስ ላይ ያልወደቀ እናቱ ቤት የተኛ ብቻ ነው» አሉት።

ከፋሲካ በኋላ ዘለቀ ማሳል ጀመረ። መጀመሪያ ምች ነው ተባለ፣ ቀጥሎ መጋኛ፣ ቀጥሎ ነቀርሳ። ደም ሲተፋ እኔ አባባን ለምኜ በትሬንታ ኳትሮ፣ በከሰል ጆንያ ላይ አስጭኜ ዳንግላ አመጣሁት። ያ ተራራ የመሰለ ሰው ቀሎ ነበር። ካሳሁን እንደ ልማዱ ሊያሳስቀው ሞከረ። «ፈረሰኛ ነህ አሉኝ። ይህ መኪና አይደነብርም፣ ጠጋ በል።» ዘለቀ ፈገግ አለ። «ተንፍስ፣ ያዝ» አለው። መያዝ አልቻለም፣ ሳለ። ደገሙት።

ፊልሙን ከመድኃኒቱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በቀዩ ብርሃን ውኃው ውስጥ አንቀሳቅሰዋለሁ፣ ጎድኑ መጣ፣ ከጎድኑ በስተኋላ ሳንባው ላይ ጉም የመሰለ ነገር፣ ከጉሙ መካከል ደግሞ ጥርት ያለ ነጭ። መጀመሪያ የእርሳሷ ምልክት ቦታዋን ስታ የገባች መሰለኝ። ምልክቷ ግን ጥጉ ላይ ቦታዋ ላይ ናት። ይኼ ሚስማር ነው። ራሱ ሰፊ፣ አንገቱ ጎበጥ ያለ፤ የቆርቆሮ ሚስማር። በአካባቢያችን ቆርቆሮ ያለው ቤት አንድ ነው።

ካሳሁን ለዘለቀ በመስኮቱ ብርሃን አሳየው። ያን ቀን አልቀለደም። ከዚህ የሚያወጣው የለም፣ አዲስ አበባ ሄዶ ደረቱ መቀደድ አለበት፣ ቶሎ ከሆነ ይተርፍ ይሆናል አለው። ከዚያ እኛን ትቶን ወጣ።

ዘለቀ ፊልሙን ረጅም ጊዜ ያዘው። «ጠፍር አልነበረም ማለት ነው» አለ።

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ እንሂድ። ዶክተሩ ደብዳቤ ይጽፋል።»

«ሚስማሩ ከወጣ ነገሩ ይወጣል፣ የሹ። አባባ የዚያን ቤት ሚስማር ከማዶ ያውቀዋል። ምንሽሩን አውርዶ ቢያድግልኝን ይገድላል። የቢያድግልኝ ወንድሞች አባባን። ከዚያ የአጎቶቻችን ልጆች። አባባ አንድ ጊዜ ደም መልሷል፤ ታርቆም እንቅልፍ እንደሌለው እኔና አንቺ እናውቃለን።»

«እያወቀ አድርጎት ቢሆንስ?»

«እሱን እግዜር ይወቀው። እኔ አላውቅም። ሳላውቅ ጓደኛዬን አላስገድልም።» ከዚያ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ «ብረት ይዝጋል። አፈር ይብላው። አንቺም አፍሽን ያዢ፣ አፍ እንደሆነ ድሮም የለሽም» አለኝ። ሊያስቀኝ ነበር።

ቆይቼ ካሳሁንን፣ «የሚስማሩ ጫፍ ወደ ልቡ ነው። ከሸመሉ ወደ ውጭ ተቀስሮ ነበር ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ሸመሉን ለማጥበቅ የተመታ ሚስማር ከሆነ ተኝቶ መገኘት ነበረበት ብዬ ነው። ካሳሁን ራሱን ነቀነቀ። «ብረት ሥጋ ውስጥ ይዞራል፣ የሹ። ራጅ ያለውን ያሳይሻል እንጂ እንዴት እንደገባ አያሳይሽም።»

ክረምቱ ገባ። ዘለቀ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ፊልሙን እንደ ልማዱ ለበሽተኛው ሰጡት፣ እሱም ጣሪያው ሣር ውስጥ ሰካው። አባባ «ሐኪሞቹ ምን አሉ?» ሲለው «አዲስ አበባ መሄድም አይጠቅምም አሉ» ይለዋል። ቢያድግልኝ በየቀኑ እየመጣ ይደግፈዋል፣ ፀሐይ ያወጣዋል፣ ጀርባውን ያሻል። ሁለቱ ምን ይነጋገሩ እንደነበር አላውቅም። በመስከረም፣ አደይ ገና ብቅ ሲል፣ ዘለቀ ሞተ።

ከዳንግላ ስደርስ ልቅሶው ደርቷል። እማማ ስታየኝ ጀርባዋን አዞረች። ወደ ብርሃኑ የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ራጅ ከተነሳ በኋላ ነው የከሳው፤ ሳንባውን የበላው ያ ብርሃን ነው ተብሎ አገር አውቆታል። አስከሬኑ በሰሌን ሊጠቀለል ሲል አባባ ጣሪያው ውስጥ እጁን ሰዶ ፊልሙን አወጣ። ቄሱ ምንድን ነው አሉት።

«እግሩ የተቆረጠ ሰው እግሩ አብሮት ይቀበር የለም ወይ?» አለ አባባ። «ይህ የልጄ ደረት ነው። ደረቱ ከጎጆዬ ጣሪያ ተሰክቶ እሱ ተጓድሎ መቃብር አይገባም።»

ቄሱ ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። የሚከለክል ነገር ያገኙ አልመሰለኝም። ፊልሙ ከአስከሬኑ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከጉድጓዱ አፍ ላይ አባባ ሊያስገባው ሲል የልጁን አጥንት አንድ ጊዜ ማየት ፈለገ። ፊልሙን ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። ሰው ሁሉ አብሮ ቀና አለ። ቢያድግልኝ አካፋ ይዞ ከጉድጓዱ ማዶ ቆሟል።

አባባ ፊልሙን አስጠጋው፣ አራቀው። «ይኼ ነጩ ምንድን ነው?» አለ። ጣቱን ነጩ ላይ አሳረፈ። «ሚስማር ይመስላል።» ዞር ብሎ በሴቶቹ መካከል ፈለገኝ። «ነይ አንቺ። ሥራሽ ነው።»

በወንዶቹ መካከል አልፌ ሄድሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተናግሬ አላውቅም። ቢያድግልኝን አላየሁትም፤ አካፋው መሬት ሲነካ ግን ሰማሁ።

«ምልክት ነው፣ አባባ» አልሁ።

«የምን ምልክት?»

«ድሬሰሩ የሚያደርገው። ከእርሳስ ነው። ፊልሙ የማን እንደሆነ እንዳይምታታ። ከብት እንደሚተኮሰው።»

ጥጉ ላይ ያለችውን እውነተኛዋን ምልክት በጣቴ አሳየሁት። «ይኸው፣ እዚህም አለ።»

አባባ ሁለቱን ነጮች አየ። ነጭ ነጭ ነው፤ ላላወቀ ሰው ልዩነት የለውም። ፊልሙን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገውና፣ «ልጄን እንደ በሬ ተኮሱት» አለ። እዚያው ተቀመጠ፤ አባባ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ፊልሙ ከሰሌኑ ውስጥ ገባ፣ አፈሩ ተመለሰ። ከአፈሩ ብዙውን የመለሰው ቢያድግልኝ ነበር።

ከአርባው በኋላ አንድ የገበያ ቀን ከክሊኒኩ ስወጣ ቢያድግልኝ ከዋርካው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ያንጫጫሉ፣ ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ዘፈን ይሰማል፤ ዜማውን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፣ ግጥሙ ጠፍቶኛል። በርኖሱን አልለበሰም። በባዶ እግሩ ነበር። እግሩን ያስታወስሁት ሌላ ያየሁት ስለሌለ ነው፤ አንገቴን ደፍቼ እግሩንና የእኔን ነጭ ኮንጎ ጫማ ብቻ እያየሁ ነበር።

«አይተሽው ነበር» አለኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«እሱስ?»

«እሱም።»

በእግሩ ጣት አፈሩን ጫረ። ከዚያ፣ «ጠፍሩ አልደረቀም ነበር፣ የሹ» አለ።

አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። የሚስማሩ ጫፍ ወደ የት ነበር? ሸመሉን ሊያጠብቅ ተኝቶ ነበር ወይስ ወደ ውጭ ወጥቶ? ምላሴ ላይ ነበረች። ቀና ብዬ ፊቱን ባየው እንኳ ሳልጠይቅ ይገባኝ ነበር ይሆናል። ቀና አላልሁም። እግሩ ዞረና ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ፈረሱ ከነኮርቻው ከአባባ በር ላይ ታስሮ ተገኘ። ቢያድግልኝን ወደ ቻግኒ በሚወስደው መንገድ በእግሩ ሲሄድ ያዩ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። አባባ ያንን ፈረስ እስኪያረጅ አስቀመጠው። «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው» ይል ነበር ለመጣው ሁሉ። «ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶበት አገር ጥሎ ጠፋ።» እኔ ተቀምጬ እሰማለሁ። እማማ በኋላ ስታስል ወደ ዳንግላ ልውሰድሽ ብላት፣ «ልጄን ወደ በላው ብርሃን?» አለችኝ። አልመጣችም። ብዙም አልቆየች። አፌ የተያዘው በዘለቀ ቃል ነበር፤ አባባ እያለ የሚፈታ አልነበረም። አሁን የሚገድልም የሚገደልም ስለሌለ ነው የጻፍሁት።

በዋዜማው ቀን፣ ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ፣ ሰላማዊት ኮምፒውተሯን ልትዘጋ ስትል፣ «ጓደኛውስ?» አልኋት።

«የቱ ጓደኛ?»

«የኮከቡ። ጓደኛ ነበረው ብለሽ የለም ወይ።»

«እሱን በደንብ አናውቅም» አለች። «አንዳንዴ አብሮ ይጠፋል። አንዳንዴ ይተርፋል፤ ያሰረው ሲጠፋ ዙሩ ይፈታና ብቻውን እየከነፈ ይሄዳል። ከፍርስራሹ አካባቢ እንፈልገዋለን።»

«ይገኛል?»

«ብዙ ጊዜ አይገኝም።»

በበዓሉ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ነጠላዬን ለብሼ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ፈረሰኞቹ ለምደውኛል። አልፈው ወደ ሜዳው ከመግባታቸው በፊት ሸመላቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እኔ ይዘረጋሉ፤ እኔ ጫፉን በአውራ ጣቴ ዳስሼ እለቃለሁ። ከእነሱ በፊት አባቶቻቸውም ይዘረጉ ነበር። ምርቃት ይመስላቸዋል። አሮጊቷ የዳሰሰችው ሸመል ባለቤቱን አይጥልም ይባላል አሉ። ጠፍር፣ ጠፍር፣ ጠፍር። ደርቋል፣ እለፍ።

ዘንድሮ አንዱ ወጣት ግራጫ ፈረስ ላይ ሆኖ ዘረጋልኝ። አውራ ጣቴን ቀዝቃዛ ነገር ነካው። ሽቦ ነው፤ ጫፉ ከቀርከሃው ወጥቶ ቆሟል። ሸመሉን ያዝሁት።

«እማማ የሺ፣ ይልቀቁኝ እንጂ፣ ጓደኛዬ ሜዳው ላይ ይጠብቀኛል» አለ እየሳቀ።

«ጠፍሩስ?»

«ጠፍሩ አልደረቀም፣ እማማ።»

ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። ፂሙ ገና ያልሞላ፣ የሽቦና የጠፍር ልዩነት ያልገባው፣ ወደ ጓደኛው የቸኮለ ፊት ነው። ክፋት ፈለግሁበት፤ አጣሁ። ከኋላው ያሉት ፈረሶች መርገጥ ጀመሩ፣ ሰው «ምን ሆነ?» ይላል። ያ ከዋርካው ሥር የነበረውም እንዲህ ያለ ፊት ነበር ይሆን? እጄ ሸመሉን አልለቅ አለ። ወጣቱ ጎተተ፤ እኔም ጎተትሁ።